እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ

አበው «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። ይህ ብሂል አዘውትሮ የሚጠቀሰው ስለ ሰው ተንኮልና ስለ መዘናጋት ነው። እኔ ግን ዛሬ ቃል በቃል ልወስደው እሻለሁ፤ የምጽፈው ስለ ውኃ ነውና። ያውም ሀገራት ስለሚካሰሱባቸው ታላላቅ ወንዞች ሳይሆን፣ ዳክዬ ስለሚንሳፈፍበት፣ ልጆች ጀልባ ስለሚቀዝፉበት፣ ቤተሰብ እሑድ ከሰዓት ሊናፈስ ስለሚሄድበት ትንሽ ሰው ሠራሽ ሐይቅ፣ እንዲሁም ያንን ሐይቅ አቅፎ ስለቆመው የአፈር ግድብ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚገኘውን የኒድዉድ ሐይቅ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮክ ክሪክ የተባለው ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ፣ ስፋቱ ሠላሳ ሄክታር ያህል የሆነ፣ ጎርፍንና ደለልን ለመያዝም ለመዝናኛም የተሠራ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2006 መገባደጃ ለቀናት የዘነበው ዝናብ የሐይቁን ውኃ ከመደበኛ ከፍታው ከሰባት ሜትር በላይ ከፍ አደረገው። በአፈር ግድቡም ውኃ ሲሰርግ ታየ። ባለሥልጣናቱ ጊዜ ሳያባክኑ ከግድቡ ግርጌ የሚኖሩ ከ2,200 በላይ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ አዘዙ። ግድቡ ጸና፤ ሰዎቹም ከቀናት በኋላ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ለመሆኑ ከእነዚያ ሰዎች መካከል፣ በዋዜማው «የምትኖረው ከግድብ በታች ነው» ቢባል የሚያምን ስንቱ ነበር?

ይህንን ጥያቄ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ እኔ እምነት የአንድ ግድብ አደገኝነት የሚለካው በቁመቱ ሳይሆን ከሥሩ በሚያድረው ሰው ብዛት ነው። አሜሪካውያን አንድን ግድብ «ከፍተኛ አደጋ ያለበት» ብለው ሲመድቡ እንኳ ምደባው የሚናገረው ስለ ግድቡ ጤንነት አይደለም፤ ቢፈርስ ስለሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ የትናንሽ ግድቦች ጉዳይ ከምሕንድስና ጥያቄነቱ በፊት የፖለቲካ ጥያቄ ነው። ማን ይጠብቀዋል? ወጪውን ማን ይከፍላል? ከግርጌው ላለው ሕዝብስ ማን ይነግረዋል?

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ይሁን እንጂ የአፈር ግድብ እንዴት እንደሚፈርስ ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። በደንብ የተጠቀጠቀ አፈር ውኃን ለዘመናት ሊይዝ ይችላል። የማይችለው በአናቱ ላይ የሚፈስን ውኃ መቋቋም ነው። ለዚህ ነው ትርፉን ውኃ በጎን የሚያሳልፍ ማስተንፈሻ የሚሠራለት። ማስተንፈሻው ከጠበበ ወይም በቆሻሻ ከተዘጋ፣ ውኃው በግድቡ አናት ላይ ዘሎ አፈሩን ከጀርባ እየቦረቦረ ይንደዋል። ሁለተኛው መንገድ ከዚህ ይልቅ ስውር ነው። ውኃ በግድቡ ሆድ ውስጥ ቀጭን መንገድ ያበጃል፤ በየዕለቱ ጥቂት አፈር ይዞ ይወጣል፤ መንገዱም ይሰፋል። የበሰበሰ የዛፍ ሥርና የአይጠ መጎጥ ጉድጓድ ለዚህ በር ይከፍታሉ። ሦስተኛው፣ ውኃ የጠገበው የግድቡ ጀርባ ተንሸራትቶ መውደቁ ነው። ሦስቱም አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ይሰጣሉ፤ ችግሩ ምልክቱን ለማየት የሚሄድ ሰው አለመኖሩ ነው።

ታሪክ ለዚህ ምስክር አያጣም። በፔንስልቬንያ የሚገኘው የሳውዝ ፎርክ ግድብ በመጀመሪያ የተሠራው ለመርከብ ቦይ ውኃ ለማጠራቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 የባለጸጎች የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክበብ ገዛው፤ እነ አንድሩ ካርኔጊና ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ አባሎቹ ነበሩ። ውኃውን ከሥር የሚያስተነፍሱት ቧንቧዎች ቀድሞውኑ ተነቅለው ተሸጠዋል፤ ክበቡም መልሶ አላስገባቸውም። ሠረገላ እንዲያልፍበት የግድቡ አናት ዝቅ ተደረገ። ዓሣው እንዳያመልጥ በማስተንፈሻው ላይ መረብ ተዘረጋ። ከታች ያለው የብረት ፋብሪካ መሐንዲስ ልኮ ስጋቱን በጽሑፍ ቢያሳውቅም፣ የክበቡ ፕሬዚዳንት አንዳችም አደጋ የለም ሲል መለሰ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1889 ግድቡ ፈረሰ፤ በጆንስታውን ከተማና በአካባቢዋ 2,209 ሰዎች አለቁ። ክበቡን ከስሶ ካሳ ያገኘ አንድም ተጎጂ የለም፤ አደጋው የፈጣሪ ሥራ ተባለና ታለፈ። ዝናቡ ከሰማይ መምጣቱ እውነት ነው፤ መረቡን የዘረጋው ግን ሰማይ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጥቶ የለምን ቢሉ፣ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 በዌስት ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል ዝቃጭ የያዘ ግድብ ፈርሶ 125 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ሰኔ በራፒድ ሲቲ ከተማ በደረሰው ጎርፍ፣ በመናፈሻ ውስጥ ያለውን የካንየን ሐይቅ የያዘው ግድብ ተደረመሰ፤ በጎርፉ 238 ሰዎች አለቁ። ኮንግረሱ በነሐሴ ወር የግድቦች ፍተሻ ሕግ አወጣ። ነገር ግን ለፍተሻው በቂ ገንዘብ ስላልተመደበ፣ ለዓመታት የተሠራው ሥራ በአመዛኙ ግድቦችን ቆጥሮ ከመመዝገብ አላለፈም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 1977 ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በጆርጂያ ቶኮአ ፎልስ የኬሊ ባርንስ ግድብ ፈረሰ። ቁመቱ አሥራ ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የኤሌክትሪክ ማመንጨት ሥራው ከሃያ ዓመት በፊት አብቅቶ ሐይቁ ለመዝናኛ ብቻ የቀረ ነበር። ከሥሩ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነበር። 39 ሰዎች ሞቱ፤ ሃያዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ከአራት ዓመት በፊት የተነሣ ፎቶግራፍ የግድቡ ጀርባ ተንሸራትቶ እንደነበር ያሳያል። ፕሬዚዳንት ካርተር ፍተሻው እንዲጀመር ያዘዙት ከዚህ በኋላ ነው። እስከ 1981 ድረስ ከ8 ሺህ በላይ ግድቦች ተፈተሹ፤ ሲሶ ያህሉም ደኅንነታቸው ያልተጠበቀ ሆኖ ተገኘ።

ልብ ይበሉ፤ በሕጉ መውጣትና በፍተሻው መጀመር መካከል አምስት ዓመት አለ። ገንዘብ የሌለው ሕግ ምኞት ብቻ ነው። ያንን ምኞት ወደ ተግባር የቀየሩትም የሃያ ሕፃናት ሬሳዎች መሆናቸው ሊያስቆጨን ይገባል።

«ድሃ ሀገር ለእያንዳንዱ ኩሬ መሐንዲስ ይመድብ ወይ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን የአፈር ግድብ ጥበቃ በአመዛኙ ርካሽ ሥራ ነው። ዛፍ እንዳይበቅልበት መመንጠር፣ ማስተንፈሻውን መጥረግ፣ ከዝናብ በኋላ በጀርባው በኩል ተመላልሶ አዲስ እርጥበት፣ ስንጥቅ ወይም የደፈረሰ ምንጭ መኖሩን ማየት ነው። ንጹሕ ሆኖ የሚሰርግ ውኃ ሊታገሡት ይቻል ይሆናል፤ ደፍርሶ የሚወጣ ውኃ ግን ግድቡን ይዞት እየሄደ ነው። ይህንን ለመለየት የሠለጠነ አንድ የጥበቃ ሠራተኛና የሚደውልለት ስልክ ያለው አለቃ ይበቃል። ውድ የሆነው ዝምታ ነው።

ስለ ራሳችንም እናውራ። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 2018 በሶላይ የአንድ ግለሰብ እርሻ የአፈር ግድብ በሌሊት ፈርሶ ከ40 በላይ ሰዎች ቀብራለች። እኛም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን አጥተናል። ቆሼ ግድብ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። በየቀኑ የምናየው፣ የለመድነውና ከሥሩ ድሃ እንዲያድር የፈቀድንለት ተዳፋት አንድ ቀን ይንሸራተታል። ዛሬ የወንዝ ዳርቻዎች ለመዝናኛ እየለሙ ነው፤ እኔም የምደግፈው ሥራ ነው፤ ውኃ ዳር መቀመጥ የባለጸጋ መብት ብቻ መሆን የለበትም። ይሁን እንጂ ውኃ በተገደበ ቁጥር የግድቡ ባለቤት በስም ይታወቅ፤ የፍተሻው ውጤት ለሕዝብ ይገለጥ፤ ከግርጌው የሚኖረው ሰው በሚሰማው ቋንቋ ይነገረው፤ የጥገናው በጀትም ከምረቃው ድግስ በፊት ይያዝ። የሚመረቅ እንጂ የሚጠገን ነገር ፎቶግራፍ አያስነሣምና፣ ይህንን የሚጠይቅ ዜጋ ካልኖረ የሚያስታውስ ባለሥልጣን አይኖርም።

የኒድዉድ ሰዎች የተረፉት ግድባቸው ከሌላው ስለበለጠ ብቻ አይደለም። በዚያ ዝናብ ወጥቶ ግድቡን ያየ ሰው፣ ያየውን የተናገረ አፍ፣ የተነገረውን የሰማ ሹም ስለነበረ ነው። አንባቢዬ ሆይ፣ በሚቀጥለው እሑድ ልጆችዎን ይዘው ሐይቅ ዳር ሲሄዱ፣ ፊትዎን ለአፍታ ከውኃው መልሰው ወደ ግርጌው ይመልከቱ። እዚያ ቤቶች ካሉ፣ «ይህንን ግድብ ማን ነው የሚያየው?» ብለው ይጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።