ዳገቱን መጨረስ

ከደምበል ተነሥቶ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ካዛንቺስ በብስክሌት የሚሽቀዳደም ወጣት፥ ቀዳሚ ለመባል ሲል ገና በሜዳው ጉልበቱን ከጨረሰ፥ ዳገቱ ላይ ወርዶ ብስክሌቱን መግፋቱ አይቀርም።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ፥ ገረመው ደንቦባ 187 ኪሎ ሜትር ያህል ጋልቦ 24ኛ ወጣ፤ ቡድናችንም 9ኛ ሆነ። የቡድኑ ውጤት የሦስት ተወዳዳሪዎች ደረጃ ድምር ስለ ነበረ፥ የፊተኛው መቅደም ብቻውን አይበቃም ነበር፤ የኋለኞቹም ሳያቋርጡ መድረስ ነበረባቸው።

ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ የሚወዳደሩ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ይህን እንዲያስቡ እናሳስባለን። ዋንጫው የአንድ ሰው ነው፤ የጀመሩትን መፈጸም ግን፥ በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት፥ ከኋላ ለደረሰውም የሚቀር ሀብት ነው።