ኦዲተሩ ምን ብሎ ሄደ?

ለተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ ደጋግሜ አቀርባለሁ፤ የአንድን ኩባንያ ሂሣብ ሲመረምር የኖረ ኦዲተር በገዛ ፈቃዱ ቢለቅ ምን ማለት ነው? አብዛኞቹ «ሕሊና ያለው ባለሙያ ነው» ብለው ይመልሳሉ። እኔ ግን ምስጋናውን ከማጽደቄ በፊት፣ ሲሄድ ምን ብሎ እንደ ሄደ ማወቅ እፈልጋለሁ።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ኧርነስት ኤንድ ያንግ ከአሜሪካው ሱፐር ማይክሮ ኮምፒዩተር ሲለቅ፣ ማኔጅመንቱ ካዘጋጀው የሂሣብ መግለጫ ጋር ስሙ እንዲያያዝ እንደማይፈልግ፣ በማኔጅመንቱም ሆነ በኦዲት ኮሚቴው ቃል ከእንግዲህ ሊተማመን እንደማይችል በጽሑፍ አስታወቀ። ነገሩ ይፋ በሆነበት ቀን የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ወደቀ። የኩባንያው ልዩ ኮሚቴ በዲሴምበር 2024 በማኔጅመንቱ በኩል የተፈጸመ ጥፋት ማስረጃ እንዳላገኘ ገልጿል። ይሁን፤ ኦዲተሩ ተሳስቶም ይሆናል። ባለአክሲዮኑ ግን ከሁለቱ ወገኖች የሚመዝነው ቃል አግኝቷል።

እስቲ አሁን ወደ ቻይናው ኤቨርግራንድ እንሻገር። ፕራይስዎተርሃውስኩፐርስ ይህን ግዙፍ ቤት ሠሪ ከአሥር ዓመት በላይ ኦዲት ሲያደርግ ኖሮ በጃንዋሪ 2023 ለቀቀ። ምክንያቱ በ2021 የሂሣብ ምርመራ ላይ የተፈጠረ አለመግባባት ነው ተባለ። ኩባንያው ዕዳውን መክፈል ካቃተው እኮ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ይኸኛው ውሻ ግን ያኔም አልጮኸም፤ ግቢውን ለቆ ወጣ እንጂ።

በማርች 2024 የቻይና የሰነድ ገበያ ተቆጣጣሪ፣ የኤቨርግራንድ ዋና ንዑስ ኩባንያ በ2019 እና በ2020 ገቢውን በጠቅላላው 564 ቢሊዮን ዩዋን ገደማ አጋንኖ እንደ ነበር ይፋ አደረገ። ለርክክብ ደርሰዋል ተብለው በኦዲተሮቹ መዝገብ ከሰፈሩት ግንባታዎች መካከል ባዶ መሬት ሆኖ የተገኘም ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ባዶ መሬት! በሴፕቴምበር 2024 የድርጅቱ የቻይና ክንፍ 441 ሚሊዮን ዩዋን ገደማ ተቀጣ፤ ለስድስት ወርም ታገደ። ቤት ሳይረከብ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ከዚህ ቅጣት ምን አገኘ?

የሙያ ባልደረቦቼ የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ ግዴታ ነው እያሉ ይሞግቱኛል። ለመሆኑ ደንበኛው ማን ነው? ኦዲተሩን የሚሾመው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ፣ አበሉንም የሚከፍለው የባለአክሲዮኖች ገንዘብ ሆኖ ሳለ፣ ምስጢሩ ለሥራ አስኪያጁ ብቻ የሚጠበቅበት ምክንያት አይገባኝም። የእንግሊዝ የ2006 የኩባንያዎች ሕግ ተሰናባቹ ኦዲተር ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ያዛል፤ አሜሪካም ኩባንያው ለውጡን በአራት የሥራ ቀናት ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ታስገድዳለች። በእነዚያ አገሮች ምስጢር ጠባቂነት በዚህ ምክንያት አልፈረሰም። እርግጥ ነው፣ እዚያም «በጋራ ስምምነት» በሚል ሐረግ ሁሉን ነገር መሸፈን የሚያውቁ አይጠፉም።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ እንዳይታየን። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ከደመወዙ ቆጥቦ አክሲዮን የሚገዛው መምህር የባንኩን መዝገብ ገልጦ ማየት አይችልም፤ የሚያምነው የኦዲተሩን ፊርማ ነው። ስለዚህ ኦዲተር በለቀቀ ጊዜ የመልቀቂያው ደብዳቤ፣ ተተኪው ከመመረጡ በፊት፣ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት በሙሉ ቃሉ ይነበብ። ደብዳቤው ምክንያት የሌለው ከሆነም ኦዲተሩ ራሱ ቀርቦ ይጠየቅ።