ያለ አጋፋሪ የሚገባ እንግዳ



ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ የወረደ መንገደኛ ገና ጓዙን ሳያራግፍ የቡና ሽታ ይቀበለዋል። አገሩ ቡና በዱር ጥላ ሥር በራሱ የሚበቅልበት፣ የበበቃና የቴፒ ታላላቅ እርሻዎችም ያሉበት ነውና፣ ፍሬው ብቻ ሳይሆን ቅጠሉም ከዝንጅብልና ከበርበሬ ጋራ ተፈልቶ ይጠጣል። በብዙ የገጠር ቤትም ቡናው በስኳር ፈንታ በጨው ይቀርባል። ዛሬ የምንናገረው ጨው ስለ ገባበት ስለዚያ አንድ ስኒ ነው። ከከንፈር ካለፈ በኋላ ውኃው፣ ጨውና ቡናው እያንዳንዳቸው በየት በር እንደሚገቡ ማወቅ፣ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ላለችበት ቤት እጅግ ይጠቅማልና።

የሰው ገላ ሕዋስ በሚባሉ፣ ዓይን ብቻውን በማያያቸው ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱም ሕዋስ ከስብ በተሠራ ድርብ ስስ ሽፋን ተከቧል፤ ይህም ሽፋን እንደ ቤት ቅጥር የሚገባውንና የሚወጣውን ይለያል። ስብና ውኃ እንደማይዋሐዱ በወጥ ላይ የሚንሳፈፈው ቅቤ ለእመቤቶች ሁሉ ያስረዳል። ኦቨርተን የሚባል ሊቅም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1890ዎቹ ዓመታት በዙሪክ ከተማ ሲመረምር፣ በስብ የሚሟሟ ነገር ወደ ሕዋስ ፈጥኖ እንደሚገባ፣ በስብ የማይሟሟው ግን እንደሚዘገይ ወይም ከውጭ እንደሚቀር አስተዋለ።

ጨው በስብ ከማይሟሙት ወገን ነው። በጥንት ግቢ ባለጉዳይ ያለ አጋፋሪ ወደ እልፍኝ እንዳይዘልቅ፣ ጨውም በሽፋኑ ውስጥ የተተከሉ የፕሮቲን በሮች ካላስገቡት አይገባም። ከገባም በኋላ የሚያስወጣው አለ፤ የዴንማርኩ ሊቅ የንስ ስኩ በ1957 የገለጠው የሕዋስ መሣሪያ፣ የጨው ክፍል ከሆነው ከሶዲየም ሦስት ቅንጣት ወደ ውጭ እየገፋ፣ ከፖታሲየም ሁለት ቅንጣት ወደ ውስጥ ያስገባል። ውኃም ቢሆን በሽፋኑ ጥቂት በጥቂት ይሰርጋል እንጂ በፍጥነት የሚያልፈው በተለየ ቦይ ነው፤ አሜሪካዊው ፒተር አግሬ ይህን ቦይ በ1992 አስታውቆ በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

ሦስተኛው እንግዳ ግን ከሁለቱ ይለያል። በቡና ውስጥ ያለው የሚያነቃቃው ቅመም ካፌይን ይባላል፤ እርሱም በውኃም በስብም የሚሟሟ ስለ ሆነ፣ እንደ ቤተኛ ባለሟል አጋፋሪ ሳይጠይቅ ቅጥሩን ያልፋል። ከተጠጣ በኋላ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ መላ ገላን ያዳርሳል። ለብዙ መድኃኒት የተዘጋው የአንጎል ቅጥርም ለእርሱ ክፍት ነው። በዚያም የድካምን መልእክት የሚያደርሰው አዴኖሲን የሚያርፍበትን ስፍራ ቀድሞ ይይዛል፤ ቡና እንቅልፍን የሚያባርረው ስለዚህ ነው።

አሁን የነገራችን ፍሬ ወደሆነው እንምጣ። የእናትን ደም ከልጁ ደም የሚለየው የእንግዴ ልጅ እርሱም የሕዋስ ቅጥር ነው፤ ካፌይን ግን ይህንንም ሳይከለከል ያልፋል። በጤነኛ ሰው ገላ የካፌይን እኩሌታ በአምስት ሰዓት ገደማ ሲወገድ፣ እርግዝናዋ በገፋ ሴት ዘንድ የሚፈጀው ጊዜ ወደ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ጽንሱ ደግሞ ካፌይንን የሚያፈርሰው የጉበት ኃይል ገና አልተሰጠውም፤ አዲስ በተወለደ ሕፃን ገላም እኩሌታው ለመወገድ ቀናት ይወስዳል። እናቲቱ አቦልን፣ ቶናንና በረካን ስትጠጣ ልጁም አብሯት ይጠጣል ማለት ነው።

ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት ወይም የአባቶችን ወግ ለመንቀፍ አይደለም። አንድ ስኒ ቡና ቤት አያፈርስም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ያወጣው ምክር፣ በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ነው፤ ይኸውም ጽንስ እንዳይወርድና ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ እንዳይወለድ በማሰብ ነው። የስኒው ኃይል እንደ አፈላሉ ስለሚለያይ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ወፈር ያለውን አቦል ትታ ቀጠን ያለውን በረካ ብትቀምስ ይሻላታል። ከቅጠሉ የሚፈላውም ካፌይን አለበትና ከቡና ልዩ አድርጋ አትቍጠረው። ደግሞም ቡና ከምግብ ጋራ ሲጠጣ ብረት ከአንጀት ወደ ደም እንዳያልፍ በከፊል ያግደዋልና፣ ከማዕድና ከብረት ክኒን ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቃ ትጠጣ።

በመጨረሻ የምንለምነው ባለቤቶችን ነው። በአገራችን እንግዳን «በሞቴ» ብሎ ማስጠጣት የፍቅር ምልክት ነው፤ ነፍሰ ጡርም ጎረቤቶቿን ላለማስቀየም ስትል ሳትፈልግ ትጠጣለች። እንግዲህ አማቲቱ ወይም የቤቱ እመቤት ቀድማ «ለእርሷ በረካው ይበቃታል» ብትል፣ ነውሩም ይቀራል፣ ጨዋታውም አይጎድልም። እናቲቱ በራሷ አፍ «በቃኝ» ለማለት ትችላለች፤ በማኅፀን ያለው ግን በሩን የሚጠብቅለት አጋፋሪ የለውምና፣ እኛ እንጠብቅለት።