መቻቻል ዝም መባባል አይደለም

ወዳጆቼ፣ ስለ ዘመናዊ ፔጋኖች በጻፍኩ ቁጥር ሁለት ዓይነት መልስ ይደርሰኛል። አንዱ «እርስ በርሳቸው እንኳ አይስማሙም፣ ይሄም ሃይማኖት ተብሎ!» የሚል የኛው ሰው ፌዝ ነው። ሌላው ከራሳቸው ከፔጋኖቹ የሚሰማ ነው፦ «እኛ ዶግማ የለንም፣ ሁሉን እንቀበላለን፣ ስለዚህ አንጨቃጨቅ»። ዛሬ ሁለቱንም ልሞግት ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም አለመስማማትን እንደ በሽታ ነው የሚያዩት።

ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ፔጋን ማለት እኛ «አረማዊ» ብለን ስድብ ያደረግነው ነው። እንግሊዝ አገርም ቃሉ ስድብ ነበር፤ እነሱ ግን ስድቡን አንስተው ስማቸው አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1951 የእንግሊዝ ፓርላማ የጥንቆላውን ሕግ ሻረ፤ በ1954 ጄራልድ ጋርድነር ዊካ ስለተባለው እምነት መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ዊካው፣ ድሩይዱ፣ የጥንት የሰሜን አውሮፓ አማልክትን የሚያመልከው ሁሉ በአንድ ጃንጥላ ሥር ተሰበሰበ። ጳጳስ የላቸው፣ ሲኖዶስ የላቸው።

ታዲያ እንዴት አይጨቃጨቁ? አንዱ አማልክቱ በእውን አሉ ይላል፤ ሌላው የሰው ልቦና ምሳሌዎች ናቸው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታሪክ ምሁሩ ሮናልድ ሃተን ዊካ ከጥንት ሳይቋረጥ የመጣ ሳይሆን በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ መልክ የያዘ እምነት መሆኑን በመጽሐፉ አሳየ። የተቆጣ ተቆጣ። ብዙው ግን «እሺ፣ አዲስ ነን» ብሎ አምልኮውን ቀጠለ። ምን ፈረሰ? ምንም!

ለፌዘኛው ወንድሜ አንድ ነገር ላስታውስ። የኛ ሊቃውንት በቅባትና በጸጋ ጉዳይ ለትውልዶች ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ ጉዳዩን የዘጋው የንጉሥ ሥልጣን ነው። እና አለመስማማት ሃይማኖትን ውሸት የሚያደርገው ከሆነ ማን ሊተርፍ ነው? ፔጋኖቹ ደግሞ ክርክር የሚዘጋላቸው ንጉሥ የላቸውም። ያላቸው አፋቸው ብቻ ነው።

«አንጨቃጨቅ» ባዩን የምቃወመውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሚኒያፖሊስ ላይ የተሰበሰቡ የአሜሪካ ዊካዎች 13 መርሆችን አወጡ። በዘርም በፆታም ማንንም እንደማይከለክሉ ጻፉ። ለግል ሥልጣን የሚመጣ ሰው እምነቱን እንዲያፈርሰው በር እንደማይከፍቱ ጻፉ። ስለ ታሪካቸው የሚነሳ ክርክር እንደማያስፈራቸውም ጨመሩ። ልብ በሉ፦ መቀበልም፣ እንቢ ማለትም፣ መከራከርም በአንድ ወረቀት ላይ። ጉባኤው ራሱ ዓመቱ ሳያልቅ ፈረሰ፤ ሐሳቡ ግን ዛሬም ልክ ነው።

ዝምታው የት እንደሚያደርስ ደግሞ በሰሜን አማልክት አምላኪዎቹ ዘንድ ታየ። አሳትሩ ፎልክ አሰምብሊ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እምነቱ የሰሜን አውሮፓ ዘር ላላቸው ነው ብሎ ያስተምራል። «ሁሉን እንቀበላለን» የሚለው ሰው እዚህ ላይ ምን ይበል? ይህንንም እንደ አንድ አመለካከት ይቀበል? ከተቀበለ፣ በቆዳ ቀለሟ ምክንያት ከደጅ የተመለሰችውን ሴት አልተቀበለም ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መቀበል አይቻልም። «ገለልተኛ ነኝ» ያለ ሰው ሒሳቡን እሷ እንድትከፍል ፈርዷል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከመቶ በላይ ማኅበራት መግለጫ 127 በተባለው ሰነድ ላይ ፈርመው ከዚህ ድርጅት ጋር ግንኙነት እንደማይኖራቸው አስታወቁ። ቁጥሩ የመጣው ሃቫማል ከተባለው ጥንታዊ የኖርስ ግጥም 127ኛ አንቀጽ ነው፤ ክፋትን አይቶ ዝም ብሎ ስላለማለፍ የሚመክረው። እምቢታቸውን ከገዛ ቅርሳቸው ነው ያወጡት።

«እንዲህ ማግለል ከጀመርን እኛን ካገለሉን በምን ተለየን?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስ ግን አለው። ስለ አማልክት መለያየት ሌላ፣ ሰውን በተወለደበት ዘር መከልከል ሌላ። የመጀመሪያው አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጦ መሟገት ነው፤ ሁለተኛው «አንተ ማዕዱ ጋ አትቅረብ» ማለት ነው። የመጀመሪያውን ታገሡ፣ እንዲያውም ውደዱት። ሁለተኛውን በስሙ ጥሩና እምቢ በሉ። ሁለቱን ቀላቅሎ «ልዩነት ነው» ማለት ትሕትና አይደለም፣ ስንፍና ነው።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። ይነቅዛል ወዳጆቼ! በቤተሰብም፣ በዕድርም፣ በጉባኤም ሲነቅዝ አይተናል። ለሰው ሲናገሩ ለኔ ብለህ ስማ ነውና፣ ይህን ጽሑፍ ስለ ሩቅ አገር ሰዎች ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት።

አስተያየት መስጫው ክፍት ነው። ከኔ ጋር መስማማት ግዴታ አይደለም። ሰውን በዘሩ የሚሰድብ ግን ይሰረዛል፤ ለምን እንደሰረዝኩትም እጽፋለሁ።