ስለ ውሻ አፍ ነቀርሳ

ሰው በሬ ሲገዛ ጥርሱን ቈጥሮ ነው፤ ከብቱንና ቤቱን ሌሊት የሚጠብቅለትን ውሻ ግን አፉን አንድ ቀን እንኳ ገልጦ ሳያይ ዘመኑን ይጨርሳል። ስለዚህ በድዱ፥ በከንፈሩ ወይም በላንቃው የበቀለው ዕጢ የሚታወቀው ለሃጩ ደም ቀላቅሎ ሲወርድና አጥንት መቈርጠም ሲያቅተው ነው። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ወይ «አብዷል» ብሎ ያስገድለዋል፥ ወይ «ይሻለዋል» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ያለ ምርመራ የተሰጠ ፍርድ ነው።

ዕጢ ሁሉ አንድ አይደለምና። በቡችላ አፍ እንደ ኪንታሮት ተሰብስቦ የሚወጣው ከረቂቅ ተሐዋስ የሚመጣ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ ስለ እርሱ ውሻ መግደል ከንቱ ጥፋት ነው። ከድድ በቅሎ አጥንት የሚበላ፥ ነገር ግን ወደ ሌላ አካል የማይዛመት ዕጢም አለ፤ ከነአጥንቱ ተቈርጦ በሙሉ ሲወጣ ውሻው ይድናል። እጅግ የከፋው ሜላኖማ የሚባለው ነቀርሳ ነው። ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው፤ ነገር ግን ቀላ ያለም ይገኛልና በመልኩ ብቻ አይፈረድም። በመንጋጋ ሥር ወዳለው ንፍፊትና ወደ ሳንባ ፈጥኖ ይዛመታል። ሳይታከም የቀረ ውሻ በአብዛኛው ሁለት ወር ያህል ቢቈይ ነው። ዕጢው 2 ሳንቲ ሜትር ሳይሞላ ተገኝቶ በቀዶ ጥገና ከወጣ ግን ብዙዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ ይኖራሉ፤ ከ4 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ዕድሜው በወራት የሚቈጠር ነው። በአሜሪካ አገር በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ለዚሁ በሽታ ክትባት ተፈቅዷል፤ ጥቅሙ ግን ሐኪሞችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ዋናው ነገር ቶሎ ማየትና መቍረጥ ነው። መንጋጋው በከፊል የተቈረጠ ውሻ አይበላም ማለትም ስሕተት ነው፤ ቍስሉ ሲሽር ይበላል።

አፍ የሚታየው ግን ውሻው ጤነኛ ሳለ ነው። ለሃጩ የሚዝረበረብ፥ መንጋጋው የተንጠለጠለና ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ አስቀድሞ በእብድ ውሻ በሽታ መጠርጠር አለበት። አጥንት ሰንቅሮበታል ብሎ እጁን ወደ አፉ የሚሰድ ሰው ራሱን ለሞት ይሰጣል፤ እንዲህ ያለው ውሻ ሰው ሳይነካው ተዘግቶበት ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።

የወረዳ ሹም ውሾች ለክትባት በሚሰበሰቡበት ቀን ባለቤቱ የውሻውን ከንፈር ገልጦ ለሐኪሙ እንዲያሳይ ቢያዝ ብዙ ወጪ አይጠይቀውም። የቀዶ ጥገና መሣሪያ በሌለበት ስፍራ ዕጢው ገፍቶ ውሻው መብላት ካቃተው፥ በረኀብ እንዲያልቅ ከመተው በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንዲሞት ማድረግ ይሻላል።