የቀለለ ሽጉጥ፣ የከበደ አደራ

አሮጌ የጦር መሣሪያ መሰብሰብ በብዙ አገሮች የታወቀ ዝንባሌ ነው። ሰብሳቢው መሣሪያውን የሚፈልገው ሊተኩስበት ሳይሆን ለታሪኩ፣ ለሠሪው የእጅ ጥበብና ለብርቅነቱ ሲል ነው። በጂዛንና በደቡብ የጠረፍ ከተሞች ግን ጉዳዩ ሌላ ክብደት አለው። ከሳምጣና ከጡዋል ሜዳ እስከ ፈይፋና ዳኢር ተራሮች ድረስ የሚኖረው ሕዝብ ጀምቢያውንና የአያቱን ጠመንጃ የክብሩ ምልክት አድርጎ ኖሯል። ይኸው አካባቢ ደግሞ ዛሬ የመሣሪያ ኮንትሮባንድ የሚፈተንበት ድንበር ነው። ቅርስና ወንጀል እዚህ በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ሁለቱን መለየት ያልቻለ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ከባድ ስለሆነ ነገሩን በግልጽ መነጋገር ይገባል።

አስቀድሞ «ብርቅ» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እንመልከት። በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ከሚፈለጉት መካከል ቀላል ክብደት ያላቸው ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1951 የአሜሪካው ኮልት ኩባንያ ለአገሩ አየር ኃይል «ኤርክሩማን» የተሰኘ ሽጉጥ ሠርቶ ነበር። የተፈለገው ለበረራ ባልደረቦች የማይከብድ መሣሪያ ማግኘት ነበር። ስለዚህ አካሉም ጥይት የሚጎርሰው ከበሮም ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠሩ፤ ክብደቱም ወደ 312 ግራም ገደማ ወረደ። የተመረተውም 1,189 ያህል ነው። ይሁን እንጂ የአሉሚኒየሙ ከበሮ የባሩዱን ግፊት በአስተማማኝ ሁኔታ ሊሸከም አልቻለም። ግፊቱ የተቀነሰ ጥይት ቢዘጋጅለትም ሥጋቱ አልተወገደም። በመጨረሻም አየር ኃይሉ አብዛኞቹን ሰብስቦ እንዲወድሙ አደረገ። ከጥፋቱ ያመለጡት ጥቂቶች ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ብርቅ ዕቃዎች ሆነዋል።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ያ ሽጉጥ የተመኘውን ቅለት ያገኘው ጽናቱን ከፍሎ ነው። ለተኩስ የማይታመን መሆኑ በተረጋገጠ ጊዜ ደግሞ ለሰብሳቢ ውድ ሆነ። እንግዲያው የአሮጌ መሣሪያ ዋጋ የሚገኘው ከመተኮስ ችሎታው አይደለም ማለት ነው። ይህን የተረዳ እውነተኛ ሰብሳቢ «የሚተኩስ ካልሆነ አልፈልገውም» አይልም። እንዲህ የሚል ሰው የሚፈልገው ቅርስ ሳይሆን መሣሪያ ነው።

ቀይ ባሕር በሁለቱም ዳርቻ ይህን ታሪክ ያውቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከኦቦክና ከጅቡቲ ወደብ ጠመንጃ እየተጫነ ወደ ሸዋ ይወጣ ነበር፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ራሱ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ያቀረበ ነጋዴ ነበር። አማርኛ ሰናድርና ምንሽር የሚላቸው ስሞች ስናይደርና ማንሊኸር ከተባሉት የአውሮፓ ጠመንጃዎች የተወሰዱ ናቸው። በዚህኛው ዳርቻም እ.ኤ.አ. በ1911 ኢጣልያና የዑስማኒያ መንግሥት በተዋጉ ጊዜ ኢጣልያ መቀመጫውን ሳብያ ላደረገው ለሙሐመድ አል-ኢድሪሲ መሣሪያ አቅርባለች። በጂዛን ተራራ ቤት የሚገኝ አንድ አሮጌ ጠመንጃና በጎጃም ወይም በወሎ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሌላ ጠመንጃ፣ በአንድ ባሕር ላይ በተመላለሰ አንድ ንግድ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 በመቅደላ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የተሰጣቸው ስጦታ እንደነበር ይታወቃል። በላዩ የተለጠፈው የብር ጽሑፍ፣ ንጉሡ ለቆንስላው ፕላውደን ላደረጉት ደግነት ምስጋና መሆኑን ይገልጻል። ያንን ሽጉጥ ታላቅ ያደረገው ብረቱ አይደለም። ማን ለማን፣ ለምን እንደሰጠው መታወቁ ነው። ታሪኩ ያልተመዘገበ መሣሪያ ግን፣ ምንም ያህል ቢያረጅ፣ ባለቤቱ ሲሞት ተራ ብረት ሆኖ ይቀራል፤ ወይም በጨለማ ወደሚነግድ ሰው እጅ ይገባል።

ሃይማኖታችንስ ምን ይላል? ነቢዩ ሙሐመድ፣ የአላህ ሰላምና እዝነት በእርሳቸው ላይ ይሁንና፣ ቀስት ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ማንንም ሙስሊም እንዳይጎዳ የቀስቱን ጫፍ በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። በወንድም ላይ መሣሪያ መደገንንም፣ በቀልድም ቢሆን፣ አጥብቀው ከልክለዋል። ልብ እንበል፤ ቀስቱ ወደ ገበያ እንዳይገባ አልተባለም፤ ጫፉ ይያዝ ነው የተባለው። የቅርስ መሣሪያ ሥርዓትም ከዚህ የራቀ አይደለም። በዘመናችን ጫፉን መያዝ ማለት ፈቃድ ማውጣት፣ ማስመዝገብ፣ መሣሪያው እንዳይተኩስ ማድረግና ልጆች በማይደርሱበት ቦታ መቆለፍ ነው።

በሳዑዲ ዓረቢያ ጉዳዩ የሚመራው በ1426 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 2005) በንጉሣዊ ድንጋጌ ቁጥር ም/45 በወጣው የጦር መሣሪያና ጥይት ሕግ ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መሸጥ፣ ማጓጓዝ ወንጀል ነው። በሠራተኞች መኖሪያ አንዳንድ ጊዜ «አሮጌ ስለሆነ መሣሪያ አይባልም» ሲባል ይሰማል። ይህን የሚያምን ሰው ራሱን ያታልላል። አንድ ዕቃ ቅርስ ነው ወይስ መሣሪያ የሚለውን የሚወስነው ሥልጣን ያለው አካል እንጂ የያዘው ሰው አይደለም።

እስቲ አንድ ሁኔታ በዓይነ ኅሊናችን እንይ። በጠረፍ ከተማ በእርሻ ወይም በግንባታ የሚሠራ ወንድማችን አለ። ያልተከፈለው ደመወዝ አለው። አንድ ሰው መጥቶ «ገንዘቡን እስካገኝ ይህን አሮጌ ሽጉጥ በመያዣ ያዝልኝ፤ ብርቅ ነው፤ ብትሸጠው የዓመት ደመወዝህን ያወጣል» ይለዋል። ወይም «እስከሚቀጥለው ከተማ አድርስልኝ» ይለዋል። ሽጉጡ ከኪስ የሚገባ፣ ለእጅ የማይከብድ ነው። ነገር ግን በኬላ ላይ ሲገኝ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚመሰክር የለም፤ ተጠያቂ የሚሆነው በእጁ የተገኘበት ሰው ነው። ኢቃማ ያለው ኢቃማውን ያጣል፤ የሌለው ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብድበታል። ከእስራቱ በኋላ ወደ አገር መመለስ ይከተላል። በዚያ በኩል ደግሞ ገንዘብ የምትጠብቅ እናትና ትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቁ ልጆች አሉ። አደራ መቀበል መልካም ሥነ ምግባር ነው፤ የሕገ ወጥ ዕቃ አደራ ግን አማና አይደለም። ደመወዙ የተያዘበት ሰው መብቱን በሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ እንጂ በብረት አይካስ።

አንዳንድ ሰብሳቢዎች «መሣሪያውን እንዳይተኩስ ማድረግ ቅርሱን ማበላሸት ነው» ይላሉ። ክርክሩ ፈጽሞ ባዶ አይደለም፤ በግድየለሽ እጅ የተበሳ ወይም የተበየደ አሮጌ መሣሪያ የሥራውን ውበት ያጣል። ለዚህ መፍትሔው ግን ዕቃውን መደበቅ አይደለም፤ ሥራው በባለሙያ እጅ፣ የዕቃው መልክ ሳይነካ እንዲከናወን መጠየቅ ነው። የሚመለከታቸው አካላትም በበኩላቸው ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ መሣሪያ በገዛ ፈቃዱ ለሚያቀርብ ሰው መንገዱን አጭርና ግልጽ ቢያደርጉለት መልካም ነው። በሩ ጠባብ ሲሆን ሕግ አክባሪውም ይፈራል፤ ቅርሱም ከመሬት በታች እንደተቀበረ ይዝጋል። በአካባቢው ያሉ ቤተ መዘክሮች እነዚህን ዕቃዎች ከነታሪካቸው ቢቀበሉ ግን ወጣቱ ትውልድ የአያቶቹን ዘመን ያለ ጥይት ያውቀዋል።

በኢትዮጵያም ቢሆን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ደንግጓል። የአባቱን ምንሽር ወይም ስድስት ጎራሽ የሚያስታውስ አንባቢ ወደ ቤቱ ሲደውል አንድ ነገር ይጠይቅ፦ መሣሪያው ተመዝግቧል? ታሪኩንስ የሚያውቅ ሽማግሌ ሳያልፍ ጽፈንለታል?

ቅርስ የሚወደድ ነገር ነው። በጠረፍ ላይ ለሚኖር ሰው ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቅርስ ነፃነቱና መልካም ስሙ ነው። ሦስት መቶ ግራም ብረት ሊያሳጣው አይገባም።