ማህፀን ከመውጣቱ በፊት

በማህፀኗ እጢ ተገኝቶ ደሟ አልቆም ላላት ሴት በአዳማ ሰፈሮች ሁለት ምክሮች ይደርሷታል። አንዱ “ወልደሽ ጨርሰሻል፣ አስወጪውና ተገላገዪ” ይላል። ሌላው “ቢላ ከነካው ይሰራጫል፣ ተይው” ይላል። ሁለቱም ከፍቅር የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ጥያቄ ይዘሉታል፦ እጢው ምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ማዮማ ነው። ከማህፀን ጡንቻ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ ሲሆን፣ ጥቁር ሴቶችን ቀደም ብሎና በብዛት ያጠቃል። ብዙው ምንም ሕመም ሳያስከትል ይኖራል፤ የወር አበባ ሲቋረጥም ይሟሽሻል። ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ደም ሲያሳንስ፣ ፊኛ ሲጫን ወይም እርግዝና ሲከለክል ነው። ያን ጊዜም ቢሆን መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። የእንግሊዛዊው ሐኪም የቪክተር ቦኒ ሚስት በማዮማ ምክንያት በወጣትነቷ ማህፀኗ ወጥቶ ባልና ሚስቱ ያለ ልጅ ቀሩ። ቦኒ ከዚያ በኋላ እጢውን ብቻ ለቅሞ ማህፀኑን ማትረፍ የሚቻልበትን ቀዶ ሕክምና ሲያሻሽልና ሲሟገትለት ኖረ። በእርግጥ ይህ ኦፕራሲዮን ብዙ ደም ሊያፈስ ይችላል፤ እጢውም ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ቢሆንም ልጅ ለምትሻ ሴት ምርጫው መኖሩ ሊነገራት ይገባል።

እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አልትራሳውንድ “ማዮማ አለ” ሲል ሁሉም እፎይ ይላል፤ ደሙ የመጣው ከማዮማው ነው ተብሎ ይደመደማል። የማህፀን በር ካንሰር ግን ከማዮማ ጋር ጎን ለጎን ሊኖር ይችላል፤ ገና ሲጀምር ደግሞ በተለመደው አልትራሳውንድ አይታይም። በዓይን አይቶ፣ አጠራጣሪ ከሆነ ናሙና ወስዶ ነው የሚታወቀው። የማህፀን በሩ ሳይታይ ማህፀኑ በተራ ኦፕራሲዮን ከወጣ፣ በዙሪያው ያለው ሕብረ ሕዋስና ንፍፊቱ እዚያው ይቀራል፤ ካንሰር ኖሮ ከተገኘ ቀጣዩ ሕክምና ይወሳሰባል። ካንሰሩ በጊዜ ከታወቀ ግን ሰፋ ያለውና ለእሱ የተዘጋጀው ቀዶ ሕክምና ሊያድን ይችላል። የወር አበባዋ ከተቋረጠ በኋላ የምትደማ ሴት ደግሞ ከማህፀኗ ውስጥ ናሙና ሳይወሰድ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት የለባትም።

ነገሩ ጥቂቶችን ብቻ የሚነካ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ለኢትዮጵያ በተሰላው ዓለም አቀፍ ግምት ከ7,400 በላይ ሴቶች በዓመት በማህፀን በር ካንሰር ይያዛሉ፤ ከ5,300 በላይ ይሞታሉ። ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ቢላ በማይጠቅምበት ደረጃ ላይ ነው። ያን ጊዜ የቀረው የጨረር ሕክምና ነው፤ እሱም ለዓመታት በመላ አገሪቱ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር። ከባቱ የአበባ እርሻ ወይም ከመቂ የቲማቲም ማሳ ለምትሄድ የቀን ሠራተኛ መንገዱ ቀላሉ ነበር፤ የሚከብደው ለሳምንታት አዲስ አበባ እያደሩ፣ ገቢ ተቋርጦ፣ ልጆች ለጎረቤት ተትተው መታከም ነበር። የማህፀን በርን በአሴቲክ አሲድ የማየቱ ምርመራ ግን ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ በጤና ጣቢያም ሊሠራ ይችላል።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላም ጉዳዩ አያልቅም። የወጣው ሁሉ፣ “ማዮማ ነው” የተባለው ሳይቀር፣ ፓቶሎጂ ላብራቶሪ መግባት አለበት፤ አልፎ አልፎ ማዮማ የመሰለው ካንሰር ሆኖ ይገኛልና። ናሙናው ያለበትን ብልቃጥ ይዞ ላብራቶሪ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም ባል ነው። ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ ናሙናውን ሳያስመረምር ሊቀር ይችላል፤ ያስመረመረውም ስፌቱ ከደረቀ በኋላ ውጤቱን ለመውሰድ ላይመለስ ይችላል። የፓቶሎጂው ክፍያ ከኦፕራሲዮኑ ጋር አብሮ ቢታሰብ፣ የጤና መድን ያላትም በዚያው ብትሸፈን፣ ናሙናውንም ሆስፒታሉ ራሱ ቢልክ ይሻላል ብዬ እከራከራለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ወጪ የለውም። ታካሚዋ ስትወጣ የሚሰጣት ወረቀት በእንግሊዝኛ ተጽፎ ታጥፎ ይቀመጣል። እናቶችን “የእንቁላል ማምረቻሽስ ወጥቷል ወይስ ቀርቷል?” ብዬ ስጠይቅ “እኔ ምኑን አውቄ” ይሉኛል። የወር አበባዋ ሳይቋረጥ ሁለቱም የእንቁላል ማምረቻዎቿ የወጡባት ሴት በድንገት ወደ ማረጥ ትገባለች፤ ሙቀቱና እንቅልፍ ማጣቱ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ትሰቃያለች። ምን እንደወጣ፣ ምን እንደቀረ፣ ውጤቱ በየትኛው ቀን እንደሚደርስ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ይነገራት፤ በዚያው ወረቀት ግርጌም ይጻፍላት።